ሰብለ ወንጌል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ አማኑኤልን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎም ማንኩሳ ይደርሳል። ፊቱን አዙሮ፣ ማርቆስን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስን ያገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ እነዚህን ሁለት አገሮች በእግሩ ባይረግጣቸውም ያውቃቸዋል። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ የወደዳትን ሰብለ ወንጌልን ያገኛት ዲማ፣ መምህሯ ሆኖ ነው። እኛ አማኑኤሎች በሁለቱ መካከል ተቀምጠናል። መጽሐፉን ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ በዛብህ የትኛውን ወንዝ የት ላይ እንደተሻገረ ይከራከሩ ነበር። ልብ ወለድ ነው ብዬ ባስረዳቸውም «ታዲያ በኛ ሳያልፍ በየት ይሄዳል?» ይሉኛል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ አስተምሬአለሁ። አስተማሪ በየጠዋቱ ስም ይጠራል፤ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ደግሞ አገሩ በየዘመኑ ምን ይመኝ እንደነበር ሳያስበው ያውቃል። ሥራ ስጀምር ስም መጥሪያው ላይ የነበሩት ሴቶች ልጆች ማንጠግቦሽ፣ ይታይሽ፣ ትሁኔ፣ ጥሩወርቅ፣ የሻረግ፣ እናኑ፣ አስረሳሽኝ ነበሩ። እነዚህ የቤት ታሪክ የሚናገሩ ስሞች ናቸው። አስረሳሽኝ የተባለች ልጅ ካየሁ ከእሷ በፊት የሞተ ሕፃን እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ትሁኔ ከተባለች ወንድ ይጠበቅ የነበረበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ «ትሁን እንግዲህ» ብለው ተቀብለዋታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በእነዚህ መካከል አንድ ሌላ ዓይነት ስም ብቅ ማለት ጀመረ። ሰብለ ወንጌል። መጀመሪያ አንዲት፣ ቀጥሎ በየክፍሉ፣ ኋላም በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆነው በአባታቸው ስም እየለየሁ እስክጠራቸው ደረስሁ። ገበሬው ልጁን እንዲህ ብሎ መሰየም ከየት አመጣው? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ ብዙ ዘመን ስላልለቀቀኝ ነው።

የአንዲቷን ሰብለ ወንጌል ስም አወጣጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ ናት።

ዘመኑ ደርግ ነበር። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነብ ነበር። በመንደራችን ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ነው። ሬዲዮው ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ዳንቴሉን የምትገልጠው የቤቱ እመቤት ብቻ ናት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥታ ታሞቀዋለች። ሴቶቹ ባዘቷቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና መደቡን ሞልተው ይቀመጣሉ። እንዝርቱ በጭን ላይ ይሾራል፣ ወጋየሁ ይናገራል። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ድምፁ ይወፍራል፤ ጉዱ ካሳ ሲመጣ ሌላ ሰው የገባ ይመስላል። ሴቶቹ አንድ ሰው ብቻ እያነበበ መሆኑን አላመኑም፤ ባለቤቲቱም ብትምል አላመኗትም። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ «አባ ዓለም ለምኔ» ተብላ፣ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ መንገድ የጀመረች ለት እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ፈትሉን ከጣቷ ሳትፈታ እንደያዘች ቀረች።

ልጅቱ ስትወለድ አባቴ ማንጠግቦሽ ሊላት ፈለገ። እናቴ «ሰብለ ወንጌል ናት» አለች። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሁለት ክስ አቀረበች። አንደኛው «የጌቶች ስም ነው፣ ምን ቤት ነን?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ከበድ ይላል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አንቺ ልጅ፣ ዕድሏ የተሰበረ ሴት ስም ለልጅሽ ታወጫለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ለመጀመሪያው መልስ አልሰጠችም። ለሁለተኛው ግን «ዕድሏን የሰበረው አባቷ ነው። እሷማ ወጥታ ሄደች» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት ይህን ያለችው። ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፈውን ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ከእናቴ ቃል የበለጠ ወደ ልቡ የቀረበ ግን አላገኘሁም።

ነገሩን የጨረሱት የንስሐ አባታችን ናቸው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ስትወሰድ አባ ስሙን ሰምተው ፈገግ አሉ። የክርስትና ስሟን ወለተ ሰንበት ብለው ካወጡ በኋላ ለአያቴ «ይህ የልብ ወለድ ስም ብቻ አይደለም፤ በግራኝ ዘመን አገር ያቆመች እቴጌ ስም ነው» አሏት። አያቴ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

አባ ያሏቸው እቴጌ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ናቸው። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ዙፋን ላይ ወጡ፤ መንግሥቱንም ለተወሰነ ጊዜ እቴጌ እሌኒ፣ መርጡለ ማርያምን እዚሁ ጎጃም ያሠሩት፣ ይመሩላቸው ነበር። ቀጥሎ ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተነሣ። በ1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ድል ሆኑና ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ከተራራ ተራራ መሸሽ ሆነ። ደብረ ዳሞ ላይ ሲሞቱ እቴጌይቱ ከአምባው አልወረዱም። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ የማይወጣ ገደል ነው። በ1533 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኛ አስከትሎ በምጽዋ በኩል ሲመጣ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተቀላቀሉ። ንጉሡ ልጃቸው ገላውዴዎስ ሩቅ ደቡብ ነበር። ስለዚህ ለዚያ ባዕድ ጦር የአገሩ ባለቤት ሆነው የታዩት እሳቸው ናቸው። ባላገሩ ስንቅ የሚያቀርበው፣ የየአውራጃው ሹም የሚገባው እሳቸው ስላሉ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ። ዳ ጋማ ተማረከ፣ አንገቱም ተቀላ። የተረፉት ተበታትነው ሲሸሹ የተሰበሰቡት እቴጌይቱ ባሉበት ነው። ገላውዴዎስ ደርሶ ከእነሱ ጋር ተገናኘ፤ በየካቲት 1535 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቀ። የመጽሐፍ ሰው እንደመሆኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጦርነቱ ይልቅ የሚይዘኝ ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። የእቴጌይቱ ልጅ ሚናስ ተማርኮ ባሕር ማዶ፣ የመን ተልኮ ነበር። የኢማሙና የባለቤቱ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ ደግሞ በወይና ደጋ ተማረከ። ሁለቱ ልጆች ተለዋወጡ። ሁለቱም ሴቶች ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም ልጃቸው በጠላት እጅ ያለባቸው ነበሩ። እንዲያ ያለ ደም ከፈሰሰ በኋላ ልጅ በልጅ እንዲመለስ የተደረገው የእናቶቹ ፈቃድ ስላለበት ነው፤ ለእኔ ከወይና ደጋ ድል አያንስም። ሚናስ ኋላ ወንድሙን ተክቶ ነገሠ። እቴጌይቱ ባላቸውን፣ ገላውዴዎስንም ሚናስንም ቀብረው፣ የልጅ ልጃቸው ሠርፀ ድንግል በ1555 ሲነግሥ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1560 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ቤተ ሰብ ስሞች ላይ ለረጅም ጊዜ ስመላለስ አንድ ነገር ታየኝ። የልብነ ድንግል ቅድመ አያት ዘርአ ያዕቆብ ናቸው፣ ዘር። የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል፣ ሰብል። የልጅ ልጃቸው ሠርፀ ድንግል፣ ቡቃያ። የንጉሡ የራሳቸው ስም ሳይቀር ከዛፍ የሚገኝ ዕጣን ነው። ነገሥታቱ በግዕዝ የሚሰየሙት በእርሻ ቋንቋ ነበር ማለት ነው፤ እኔንም በወንጌል ያለውን የዘሪውን ምሳሌ ያስታውሰኛል። ዘሩ ቃሉ ነው፤ አንዱ በመንገድ ላይ፣ አንዱ በጭንጫ ላይ፣ አንዱ በእሾህ መካከል ይወድቃል፤ በመልካም መሬት የወደቀው ግን ያፈራል። ሰብለ ወንጌል ያ በመልካም መሬት ላይ ወድቆ ያፈራው ነው። ይህን ስም ለመረዳት የወረዳችን የማቻከል ገበሬ አስተርጓሚ አይፈልግም። ጤፉና ስንዴው በኅዳር ይታጨዳል፣ ይከመራል፤ የከተማችን ደብር ዓመታዊ በዓል፣ ታኅሣሥ 28፣ ሲደርስ አውድማው ላይ በሬ እየዞረ ነው። ገበሬው ስሙ ጌቶች ቤት ስለቆየ የጌቶች መስሎት ነበር እንጂ ቃሉ የራሱ ነበር።

ጌቶቹ ቤት መቆየቱ ግን እውነት ነው። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት እስከ ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል። በጥምቀት የምታገኘው አለ፤ ይህ ቄሱ በቁርባንና በፍታት ጊዜ የሚጠሩት ነው። ቤተ ሰብ ያወጣላት አለ። ስታገባ ደግሞ አማቷ ሌላ ታወጣላታለች፤ ወደ አዲሱ ቤት የምትገባው በዚያ ነው። ከሦስቱ ግዕዙ በተራው ሰው ዘንድ የቄሱ ድርሻ ነበር። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ በመቅደስ ይቀራሉ፤ ከብት ስትጠብቅ፣ ውኃ ስትቀዳ የምትጠራበት በአማርኛ ነው። የግዕዝ ስም በአደባባይ፣ በየዕለቱ የሚጠራባት ልጅ የመኳንንት ወይም የካህን ልጅ ነበረች። የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ ከጎጃም ንጉሥ ቤት ወጥታ ልጅ እያሱን ያገባችው፣ ሰብለ ወንጌል ኃይሉ ናት። የልዕልት ተናኘወርቅና የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅም ሰብለ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በራስ ኃይሉ ዘመን ያደገ ልጅ የገዢውን ልጅ ስም ሳይሰማ አያድግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው፣ በማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ስሙን ያገኙት ከዚያ ነው ብዬ አልምልም፤ በዚያ አየር ውስጥ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም።

ሐዲስ ስም ሲያወጡ እጃቸው አይሳሳትም። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ናት፣ አባቱ ቦጋለ መብራቱ። ሁለቱም የገበሬ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ዘር ሲቆጥሩ የሚውሉ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ጠፍቶ ጠያቂ ሁሉ እየመለሱ የጋብቻ ዕድሜዋን ያሳለፉባት ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ልጁን ይታይሽ ብሎ ሊጠራት አይችልም። ስሟ ራሱ የአጥሩ አንድ ግንድ ነበር። ከአጥሩ ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን ስም ማውለቅ መሆኑን ልብ በሉ። ጌጧን ትታ፣ ጠጉሯን ሸልታ፣ ዓለም ለምኔ ተብላ ትሄዳለች። በዛብህን ስታገኘው እየሞተ ነው። ከእሱ በኋላ የምትኖረው በምንኩስና ነው። አባቷ ለክብር ያወጡላት ስም መጨረሻ ላይ በትክክል የእሷ ሆነ፣ ግን እሳቸው ባሰቡት መንገድ አይደለም።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ለማንበብ ግን መማር ያስፈልግ ነበር፤ መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው በእኛ ወረዳ የሚቆጠር ነበር። ስሙን ከማርቆስ አደባባይና ከአዲስ አበባ ቤቶች አውጥቶ ወደ ጭቃ ቤት ያገባው ሬዲዮ ነው፣ የወጋየሁ ድምፅ። ወጋየሁ በ1982 አረፈ፤ እሱ ባሰማቸው ስሞች የሚጠሩ ሴቶች ግን እስከ ዛሬ በየገበያው አሉ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ጌታ የሚባል አልነበረም፤ የጌቶች ስምም ባለቤት አጥቶ ቆሞ ነበር። የእናቴ ዓይነት ሴቶች አነሡት። ይህን የማየው እንደ ትልቅ ነገር ነው። በአዋጅ መሬት ይደርስሻል፤ ስም ግን ራስሽ ካልወሰድሽው ማንም አይሰጥሽም።

አሁን ያለው አያያዙ ግን ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ወንጌል የሚለው ወደቀ። ሰብለ ብቻ ቀረች፤ ቤት ውስጥም ሰብልዬ፣ ሰቢ። የቤት ማቆላመጫን አልቃወምም፣ እኔም እህቴን ሰብልዬ ነው የምላት። መጻፉ ነው የሚያንገበግበኝ። በግዕዝ ሰብለ ብሎ ማቆም አይቻልም፤ የማን ሰብል? ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል። ክበበ ፀሐይ፣ ፍሬ ሕይወት፣ ጽጌ ማርያም፣ ሁሉም እንዲህ ተጋግዘው የቆሙ ናቸው። እህቴ አዲስ አበባ ላይ መታወቂያ ስታወጣ ጸሐፊው ቦታው አይበቃም ብሎ «ሰብለ ወ.» ብሎ ጽፎ ሰጣት። አልቀበልም ብላ መለሰችው። በማግስቱም ሄደች። እስኪስተካከል ድረስ ከበሩ አልጠፋችም፤ አሁን ሙሉው አለበት። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን አልቀናትም። ስሟ ለሁለት ተቆርጦ ወንጌል የአባቷ ስም በሚገባበት ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ወይዘሮ ወንጌል እያሉ ይጠሯታል፣ አቤት ትላለች።

ባለፉት ዓመታት የስም መጥሪያዬ ሄራን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናርዶስ፣ ሜላት ሞልተውበት ነበር። ያምራሉ። ብዙዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከቅዱሳን ታሪክ የተወሰዱ ስለሆኑ መሠረት የላቸውም አልልም። ግን ሄራን የምትባል ልጅ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ዋሽንግተንም ትገኛለች፤ ከየት መንደር እንደመጣች ስሟ አይነግረኝም። ሰብለ ወንጌል ከተባለች ግን እናቷ ወይ አንብባለች ወይ ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብላ ሰምታለች ብዬ እገምታለሁ። ስሙ እንደገና ማንሠራራቱንም አይቻለሁ። የአማኑኤል ወጣት እናቶች፣ ራሳቸው ተምረው ያነበቡት፣ ለልጆቻቸው ሲያወጡት እሰማለሁ፤ ቀድሞ የአያቶች ስም ነው ብለው ሲሸሹት የነበረውን።

ከጡረታዬ በፊት ባለው ዓመት አሥረኛ ክፍል ላይ ይህንኑ መጽሐፍ እያስተማርሁ ሴቶቹን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ሰብለ ወንጌል የሠራችው ስሕተት አለ ወይ? አንዷ መምህሯን መውደዷ ነው አለች። ሌላዋ ስሕተቱ የአባቷ እንጂ የእሷ አይደለም ብላ ተቃወመች፤ እናቴን አስታወሰችኝ። ከኋላ ወንበር የተነሣችው፣ ከገጠር ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ የስሙ ባለቤት የሆነች ልጅ ነበረች። «አለ፣ ጋሼ» አለች። «ዘግይታ ነው የወጣች። በዛብህ የሄደ ለት አብራ ብትወጣ ኖሮ አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር።» ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ወንዶቹ ፊታውራሪ ይገድሏቸው ነበር አሉ፣ ሴቶቹ ዓባይን በሌሊት መሻገር ይቻላል አይቻልም ብለው ተያያዙ። ደወሉ ቢደወልም የወጣ አልነበረም።